ቀይዋ ዲሳ፦ እግሯን ጅረት ውስጥ የምትነክር ኦርኪድ እንዴት ትለማለች፣ እንዴትስ ትባዛለች?

ኦርኪድ የሚባለውን የአበባ ወገን አሳድገው የሚያውቁ ሰዎች ዲሳን ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይገድሏታል። ከስንፍና አይደለም፤ የለመዱትን ስለሚያደርጉ ነው። ገበያ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ኦርኪዶች ዛፍ ላይ የሚኖሩ ናቸው። ሥራቸው አንዴ እየራሰ አንዴ እየደረቀ መኖር ይወዳል። ዲሳ ግን መሬት ላይ፣ ያውም ጅረት ዳር የምትበቅል ናት። ሥሯ ከደረቀ ትጎዳለች። ውሃው ከሞቀ ትጎዳለች። ውሃው ጨው የበዛበት ከሆነ ደግሞ ቀስ እያለች፣ ምክንያቱ ሳይገባችሁ ትሞታለች። ስለዚህ ይህ መመሪያ የአበባ ቢመስልም ግማሹ ስለ ውሃ ነው።

ሙሉ ስሟ ዲሳ ዩኒፍሎራ ነው። ስሙን ያወጣላት ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ በርጊየስ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1767 ነው። ዲሳ በስዊድን አፈ ታሪክ ውስጥ ያለች ንግሥት ናት። ልብስ ሳትለብስ፣ ራቁቷንም ሳትሆን ንጉሡ ፊት እንድትቀርብ ብትታዘዝ የዓሣ መረብ ተጠቅልላ መጣች ይባላል። አበባዋን ከቅርብ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ እንደ ቆብ የቆመው የኋላ ክፍል ላይ ደም ሥር የመሰለ ቀይ መረብ አለ።

መጀመሪያ አገሯን ማወቅ

አገሯ የደቡብ አፍሪካው ዌስተርን ኬፕ ነው። ከኬፕ ታውን ጀርባ በቆመው ቴብል ማውንቴንና በአካባቢው ተራሮች ላይ በጅረትና በፏፏቴ ዳር፣ እርጥብ ገደል ላይ ትበቅላለች። ተራራው የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ኖራ የለውም። ከላይ የሚወርደው ውሃ በቁጥቋጦው ቅጠልና ሥር ውስጥ ስለሚያልፍ ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል። ቀዝቃዛ ነው፣ ኮምጠጥ ያለ ነው፣ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል። ደግሞም ቆሞ አያውቅም።

እዚያ ዝናቡ የሚጥለው በክረምቱ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው። በጋው ደረቅ ነው፤ ግን ጅረቱና ተራራውን የሚያለብሰው ደመና ሥሯን አያስጠሟትም። ያንን ደመና የአገሩ ሰው የጠረጴዛ ልብስ ይለዋል። አበባዋ የሚፈካው በዚሁ በጋ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን፣ ክረምትና በጋቸው በተገለበጠበት አገር የምታሳድጓት ከሆነ ወራቱን በስድስት ወር ገልብጡት። እሷም ራሷ ትገለብጠዋለች።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንነጋገር። ከጫካ ነቅሎ ማምጣት የሚባል ነገር የለም። ኦርኪዶች በሙሉ ሳይቲስ በሚባለው፣ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ናቸው፤ ከአገር አገር ለማሻገር ፈቃድ ያስፈልጋል። ተራራው ራሱ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከሕጉም በላይ ግን፣ ከገደል የተነቀለች ዲሳ ቤት ውስጥ የመትረፍ ዕድሏ እጅግ ትንሽ ነው። በችግኝ ጣቢያ ከዘር ያደገች ተክል ፖት ለምዳለች፤ ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ ከንጹሑ ዝርያ ይልቅ ድቅሎቹን ብትይዙ እመርጣለሁ። ከትንሿና ብዙ አበባ ከምታወጣው ዲሳ ትሪፔታሎይደስ ጋር ተዳቅላ የተገኘችው ኪዌንሲስ ከእ.ኤ.አ. 1893 ጀምሮ የምትታወቅ ናት። ከዲሳ ራሴሞሳ ጋር የተገኘችው ቪቺ ደግሞ በሁለት ዓመት ትቀድማታለች። ድቅሎቹ ባጠቃላይ ይቅርታ ያውቃሉ። ዩኒፍሎራ ግን አታውቅም። ከዚህ በታች የምጽፈው ለሁሉም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ውሃውን አስተካክሉ (ተክሉን ከመግዛታችሁ በፊት)

ይህን ደረጃ ዘላችሁ ወደሚቀጥለው ብትሄዱ ቀሪው ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ ዘልዬው ነበር። የመጀመሪያዋን ዲሳ በቧንቧ ውሃ አጠጣኋት። ለሦስት ሳምንት ምንም አልሆነችም፤ እንዲያውም አዲስ ቅጠል አወጣች። ከዚያ የቅጠሎቹ ጫፍ ቡናማ ሆነ። ውሃ የጠማት መስሎኝ ጨመርኩላት። በሁለተኛው ወር ከሥሯ ጠቁራ ወደቀች።

የሚያስፈልጋችሁ ቲዲኤስ ሜትር የሚባል፣ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ጨው የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ነው። እስክሪብቶ ያክላል፤ ውሃው ውስጥ ነክራችሁ ቁጥሩን ታነባላችሁ። ከ100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ መቶ እጅ) በታች ከሆነ ጥሩ ነው። እስከ 200 ድረስ ትታገሣለች። ከዚያ በላይ ከሆነ ያ ውሃ ለሌላ አበባ ይሁን። አሲድነቱ ደግሞ በፒኤች መለኪያ ከ5 እስከ 6 ቢሆን ይመረጣል።

ከሁሉ የሚሻለው የዝናብ ውሃ ነው። ከጣሪያ የምትሰበስቡ ከሆነ የመጀመሪያውን ዝናብ አሳልፉት፤ አቧራውንና የወፍ ኩሱን ይጠብ። በሲሚንቶ ገንዳ ግን አታጠራቅሙት፤ ሲሚንቶ ኖራ ይለቅበታል፣ የሰበሰባችሁት ንጹሕ ውሃ ውጤቱ ከቧንቧው ጋር አንድ ይሆናል። ፕላስቲክ በርሜል ይበቃል፤ ክዳን ይኑረው፣ ጥላ ሥር ይቀመጥ። ዝናብ በማይኖርበት ወቅት ጨውን በሚያስቀረው በሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ያለፈ ውሃ ወይም ዲስቲልድ፣ ማለትም በእንፋሎት የተጣራ ውሃ መጠቀም ይቻላል። የታሸገ የምንጭ ውሃ ግን ንጹሕ ነው ብላችሁ አትታለሉ። ለሰው ጥሩ የሚያደርገው ማዕድኑ ለሷ መርዝ ነው። የተፈላ የቧንቧ ውሃም አይሠራም፤ መፍላት አብዛኛውን ጨው አያስወጣም።

ደረጃ 2፦ ማብቀያውን ማዘጋጀት

የተለመደ የአትክልት አፈር አይሆንም። ኮምፖስትም፣ ፍግም አይሆንም። ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱንም የሚያሞግስ አታጡም።

የመጀመሪያው ስፋግነም የሚባለው፣ ረግረግ ላይ የሚበቅለው ረጅም ጭራ ያለው ሞስ (እንደ ምንጣፍ የሚያድግ ለስላሳ ትንሽ ተክል) ነው። ደረቁን ገዝታችሁ በዝናብ ውሃ ትዘፈዝፉታላችሁ፣ ጨምቃችሁ ላላ አድርጋችሁ ትሞሉታላችሁ። ውሃ በደንብ ይይዛል፤ ግን በዓመቱ ይበሰብሳል። ሁለተኛው ንጹሕ ሻካራ የሲሊካ አሸዋና ፐርላይት (በሙቀት ያበጠ ነጭ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) እኩል በእኩል ነው። ውሃ ቶሎ ያሳልፋል፣ ስለዚህ በየቀኑ ማጠጣት የማይሰለቸው ሰው ይያዘው። እኔ ከሁለቱም አደባልቃለሁ፤ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አንድ እጅ ፐርላይት፣ አንድ እጅ የተከተፈ ስፋግነም።

አሸዋውን ሳትፈትኑ አትጠቀሙ። አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ካወጣ ወይም ከተንሿሿ ኖራ አለበት፤ ወደመጣበት ይመለስ። ዝም ካለ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ እጠቡት።

ፖቱ ፕላስቲክ ቢሆን ይሻላል፣ ከታች ቀዳዳው የበዛ፣ ከ10 እስከ 12 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው። ነጭ ወይም ፈዛዛ ቀለም ምረጡ። ጥቁር ፖት ፀሐይ ላይ ሥር ይቀቅላል።

ደረጃ 3፦ ቦታ መምረጥና ሥሯን ማቀዝቀዝ

የጠዋት ፀሐይ ትወዳለች። ከረፋዱ በኋላ ግን ግማሽ ያህሉን ብርሃን የሚያስቀር ጥላ ያስፈልጋታል። ንፋስም ትፈልጋለች፤ አየሩ የታፈነበት ጥግ ላይ ካስቀመጣችኋት ብስባሽ ይገባባታል።

ዋናው ጉዳይ ግን ሥሯ ነው። አየሩ ለጥቂት ሰዓት 30 ዲግሪ ቢደርስም ሥሯ ከ20 ዲግሪ በታች ከሆነ ትችለዋለች። ተራራው ላይም ቅጠሏ ፀሐይ ይመታዋል፣ እግሯ ግን በረዶ በመሰለ ውሃ ውስጥ ነው። ሌሊቱ 5 ዲግሪ ቢደርስ ምንም አትሆንም፤ እንዲያውም ቅዝቃዜው ይመቻታል።

ሥሯን ለማቀዝቀዝ ቀላሉ ዘዴ ድርብ ፖት ነው። ፕላስቲኩን ፖት ሰፋ ባለ የሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡና በመሃል ያለውን ክፍተት በአሸዋ ሞልታችሁ አሸዋውን ሁልጊዜ አርጥቡት። ውሃው ከሸክላው ላይ ሲተን የውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ጋን ውስጥ ያለ ውሃ ለምን ቀዝቃዛ እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልገውም። በጣም በሞቀ ሰሞን ደግሞ በፕላስቲክ ጠርሙስ የቀዘቀዘ በረዶ ፖቱ የተቀመጠበት ሳህን ውሃ ውስጥ አኑሩ። በረዶውን ቀጥታ ተክሏ ላይ ግን አይደለም።

ደረጃ 4፦ ማጠጣት

በየቀኑ፣ በማለዳ፣ ከላይ። ውሃው ከታች በኩል እስኪፈስ ድረስ። ይህ ማጠጣት ብቻ አይደለም፣ ማጠብም ነው፤ የተጠራቀመ ጨው ይዞ ይወጣል። ሳህን ላይ ካስቀመጣችሁ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲሜትር ውሃ ይበቃል፤ እሱንም በየቀኑ ድፉና ቀይሩት። የቆመ ውሃ ይሞቃል፣ አየር ያልቅበታል፣ ይሸታል። ጅረት አይደለም ማለት ነው።

አንዳንዶች በትንሽ ፓምፕ ውሃውን በቀን ጥቂት ጊዜ ከፖቶቹ ሥር እያስነሡ መልሰው ያወርዱታል። ብዙ ፖት ላለው ሰው ድንቅ ነው። ችግሩ አንዷ ከታመመች በውሃው አማካይነት ለሁሉም ማዳረሷ ነው። ሦስት አራት ፖት ላለው ሰው ማጠጫ ጆግ ይበቃዋል።

ደረጃ 5፦ ማዳበሪያ፣ በጭላፊ

ማሸጊያው ላይ ለአንድ ሊትር 1 ግራም ይላል እንበል። እናንተ 1 ግራሙን በ8 ሊትር በጥብጡት። በሁለት ሳምንት አንዴ፣ አዲስ ቅጠል በምታወጣበት ወቅት ብቻ። የተበጠበጠውን በቲዲኤስ ሜትር ለኩት፤ ከ250 እንዳይበልጥ። በማግስቱ በንጹሕ ውሃ አጥቡት። ሙቀቱ በበረታ ሰሞን አትስጧት። ማዳበሪያ አንሷት የሞተች ዲሳ እስካሁን አላየሁም፤ በዝቶባት የሞተች ግን ስንት!

ደረጃ 6፦ አበባው ካለፈ በኋላ (ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው)

አገዳዋ ወደ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ይመዛል። ስሟ ዩኒፍሎራ፣ ማለትም ባለ አንድ አበባ ቢሆንም ሁለት ሦስትም ታወጣለች። አንዱ አበባ ስፋቱ 10 ሳንቲሜትር ሊሆን ይችላል። ብዙ ሳምንት ይቆያል። ከዚያ ይረግፋል። ቅጠሎቹም ቢጫ ይሆናሉ፣ ይደርቃሉ። ባለቤቱ ይደነግጣል፣ ውሃ ይቀንሳል ወይም ፖቱን ገልብጦ ይጥላል።

አትጣሉ! አበባ ያወጣው ተክል መሞቱ ተፈጥሮው ነው። አፈር ውስጥ ድንች የሚመስል ሥር አላት፤ እዚህ ላይ ድንቹ እያልኩ ልቀጥል። አሮጌው ድንች አበባውን አውጥቶ ሲያልቅ፣ አጠገቡ በዓመቱ ውስጥ ያደገ አዲስ ድንች አለ። የሚቀጥለው ዓመት ተክል ከሱ ነው የሚወጣው። እናትየው እየደረቀች አጠገቧ አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ሲል ታያላችሁ። እስከዚያ ድረስ ውሃው እንዳይቋረጥ። ሌሎች መሬት ላይ የሚበቅሉ የአፍሪካ ኦርኪዶች አብዛኞቹ በዚህ ጊዜ ደርቀው መተኛት ይፈልጋሉ። ዲሳ ግን አትተኛም።

ደረጃ 7፦ መንቀልና መከፋፈል

አዲሱ ቡቃያ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ሲደርስ፣ አየሩም ሲቀዘቅዝ ጊዜው ነው። በየዓመቱ አድርጉት፤ ሰንፋችሁ ወደሚቀጥለው ዓመት አታሳድሩት፣ የበሰበሰው ማብቀያ አዲሱን ድንች ይዞት ይሄዳል።

ፖቱን ገልብጡና ሙሉውን ሳፋ ውስጥ በዝናብ ውሃ ንከሩት። ማብቀያው በራሱ ይለቃል። አትጎትቱ፤ ሥሮቿ ወፍራምና ጸጉራም ናቸው፣ ሲነኳቸው እንደ ቆስጣ አገዳ ቀጭ ይላሉ። ሲጸዳ ሦስት ነገር ታያላችሁ። አንደኛው ጠቁሮ የለሰለሰ አሮጌ ድንች ነው፤ ቆርጣችሁ ጣሉት። ሁለተኛው ፈዛዛና ጠንካራ፣ ቡቃያ የያዘ አዲስ ድንች ነው። ሦስተኛው ከእናትየው በቀጭን ገመድ መሰል ሥር ተዘርግተው የወጡ ትናንሽ ልጆች ናቸው።

ልጆቹን ለመለየት አትቸኩሉ። የራሳቸው ሥር ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር የደረሰላቸውን ብቻ በእሳት በተለበለበ ምላጭ ከገመዱ ለዩ። ሥር የሌለውን ከእናቱ ጋር መልሳችሁ ትከሉት። ሲተከሉ ቡቃያው ከማብቀያው ወለል ጋር እኩል ይሁን፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ለሁለት ሳምንት ጥላ ውስጥ አቆዩአቸው። ማዳበሪያ ለአንድ ወር የለም።

ልጅ ማውጣቱ እንደ ዘሩ ይለያያል። ትሪፔታሎይደስ ደም ያላቸው ድቅሎች በዓመት ፖት ይሞላሉ። አንዳንድ ዩኒፍሎራ ግን ለዓመታት አንድ ለአንድ ስትተካ ትኖራለች፤ እሷን ለማብዛት ዘር ነው መንገዱ።

ደረጃ 8፦ ቢራቢሮውን መተካት

በአገሯ ብናኟን የሚያመላልሰው ኤሮፔቴስ ቱልባጊያ የሚባል ትልቅ ቡናማ ቢራቢሮ ነው። ቀይ ነገር ሲያይ አይችልም፤ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ተራራ ወጪንም ይከተላል። እናንተ ዘንድ ቢራቢሮው ስለሌለ ሥራው የእናንተ ነው።

አበባው ከተከፈተ ከጥቂት ቀን በኋላ ስቴኪኒ ያዙ። ሦስቱን ትልልቅ ቀይ ክፍሎች ተዉና መሃሉን ተመልከቱ። ከፊት በኩል ሁለት ትናንሽ የሚያጣብቁ ነጥቦች አሉ። ስቴኪኒውን ነክታችሁ ወደ እናንተ ስትስቡት ብናኙ በጥቅል መልክ ተጣብቆ ይወጣል። ከዚያ የሌላ ተክል አበባ ላይ፣ ከትንሿ ምላስ ከፍ ብሎ ያለው የሚያብለጨልጭ ትራስ መሰል ነገር ላይ ጫን አድርጉት። ጥቅሉ ፍርፍር ነው፤ ጥቂቱ ይቀራል፣ በቀረው ሌላ አበባ መንካት ትችላላችሁ። የራሷን በራሷ ላይ ብታደርጉም ዘር ትይዛለች፤ ከሁለት ተክል የተገኘ ችግኝ ግን ይጠነክራል።

በጥቂት ቀን አበባው ይጠወልጋል፣ ከኋላው ያለው አንገት ያብጣል። የዘር ቋቱ ለመብሰል ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። አረንጓዴው ወደ ቢጫ ሲያደላ ባዶ የሻይ ከረጢት አልብሱትና በክር እሰሩት። አንድ ቀን ጠዋት ተሰንጥቆ ታገኙታላችሁ፤ ከረጢት ካልነበረ ዘሩ ንፋስ ጋር ሄዷል።

ደረጃ 9፦ መዝራት

እዚህ ላይ ዲሳ ደግ ናት። የአብዛኞቹ ኦርኪዶች ዘር ከአቧራ የቀጠነ ነው፤ ያለ ረዳት ፈንገስ ወይም ያለ ላቦራቶሪ ጠርሙስ አይበቅልም። የዩኒፍሎራ ዘር ግን ለኦርኪድ ትልቅ የሚባል ነው፣ በዓይን ይታያል፣ እርጥብ ስፋግነም ላይ ብቻውን ይበቅላል። ድሮም በጅረቱ ተንሳፍፎ ሄዶ ሞስ ላይ ሲያርፍ ነው የሚበቅለው።

ደረቅ ስፋግነም በመቀስ ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉ። የፈላ የዝናብ ውሃ አፍስሱበት፤ አልጌውንና የሌላ ሞስ ዘርን ይገድላል። ሲቀዘቅዝ ጨመቅ አድርጋችሁ ክዳን ያለው ጥርት ያለ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ውስጥ ሦስት ሳንቲሜትር ያህል አንጥፉት። ዘሩን ወረቀት አጥፋችሁ ከላይ በስሱ በትኑት። አትሸፍኑት፤ ብርሃን ይፈልጋል። ክደኑትና ቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው ብሩህ ቦታ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ አስቀምጡት። ዘሩ ትኩስ ቢሆን ይመረጣል፤ ማቆየት ግድ ከሆነ ደረቅ አድርጋችሁ በወረቀት ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ወር ብቻ።

ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ አረንጓዴ ነጥቦች ይታያሉ። ከዚያ የመጀመሪያዋ ቅጠል፣ የጥፍር ቁራጭ የምታክል። በሳምንት ሁለት ቀን ክዳኑን ለጥቂት ደቂቃ ክፈቱ፣ ሲደርቅ በስፕሬይ የዝናብ ውሃ ንፉበት። ሕያው ስፋግነም ከተጠቀማችሁ ሞሱ ራሱ ያድግና ችግኞቹን ይውጣቸዋል፤ በጥፍር መቁረጫ መቀስ ከርክሙት።

ችግኞቹ ሁለት ሳንቲሜትር ሲሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ውስጥ፣ በማንኪያ ጫፍ ከነሞሳቸው አንሥታችሁ አምስት ስድስቱን በአንድ ፖት ትከሉ። በቡድን ሲሆኑ የተሻለ ያድጋሉ። ችግኞቹን ከማንሣታችሁ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ክዳኑን ቀስ በቀስ ከፈት እያደረጋችሁ አየሩን አለማምዷቸው።

የሚታዩ ችግሮች

የቅጠል ጫፍ ቡናማ ከሆነ ውሃውን ለኩ፤ ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ጨው ነው። ከሥር ጀምሮ እየጠቆረ የሚሄድ ብስባሽ ከሙቀትና ከቆመ ውሃ የሚመጣ ነው። የጠቆረውን ቆርጣችሁ ጤነኛውን በአዲስ ማብቀያ ትከሉት፤ ፖቷን ከሌሎቹ አርቁ። እምቡጡ ላይ ክሽክሽ ከወጣ በውሃ ግፊት እጠቡት፣ በጣት ጨፍልቁት። ለመርዝ አትቸኩሉ፤ በተለይ ዘይት ያለበት መርጫ ቅጠሏን ያቃጥላል። ቀንድ አውጣ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ በባትሪ ፈልጋችሁ ልቀሙት። አንድ ቀንድ አውጣ በአንድ ሌሊት የዓመት ችግኝ ጨርሶብኝ ያውቃል።

ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዝንጉርጉር መስመር እየታየ በየዓመቱ እያነሰች የምትሄድ ተክል ቫይረስ ሊኖርባት ይችላል። መድኃኒት የለውም። ለመጣል ከባድ ነው፣ ግን ጣሏት፤ ምላጩንም በእሳት ለብልቡት።

ከዘር የተነሡት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ያብባሉ። ቀለማቸው አንድ አይሆንም። አብዛኛው ቀይ ነው፣ አንዳንዱ ወደ ብርቱካናማ ያደላል፤ ቢጫ ከወጣላችሁ ብርቅ ነው። ፖቱ ላይ ስምና ቀን በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ይጠፋል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ የትኛዋ ከማን እንደተወለደች የምታውቁት በዚያች ጽሑፍ ብቻ ነው።